ከውስጥ የታሰረው በር

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰልሰቢል፣ ኡፕሳላ

ሰልሲዬ፣ የሆዴ ልጅ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል፤ ሰው እንዴት ምሳ በልቶ ሳይጨርስ ይመሽበታል? የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ እንደማታደርጊው አውቃለሁ፣ ቢሆንም አድርጊው። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል።

በእጄ ስጽፍልሽ ሳትደነግጪ አትቀሪም። በየቀኑ በስልክ እያወራን ወረቀትና እስክሪብቶ ምን አመጣው ትያለሽ። ያመጣው ሽማግሌ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሽማግሎች እዚሁ ሱቅ ድረስ መጥተው ለልጅሽ ጻፊላት ብለው ፈርደውብኛል። በስልክ ከሆነ ተባለ አልተባለ እያልን ሌላ ጭቅጭቅ እናመጣለን፣ በእጅሽ ጽፈሽ ባልሽ አብዱልባሲጥ ራሱ ፖስታ ቤት ይውሰደው አሉ። ሶ ይኸው፣ ከሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። አባትሽ በርበሬና ሽሮ ሊያመጣ ጋርዴና ወዳለው መጋዘን ሄዷል። ሲመለስ ደብዳቤውን ይወስዳል። ትራፊክ ከያዘው ጊዜ አለኝ፣ ካልያዘው የለኝም።

ጻፊላት የተባልኩት አጭር ነገር ነው። ሰባተኛውን ምዕራፍ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ከምትተረጉሚው መጽሐፍ አውጪው። በቃ፣ ይኸው ጻፍኩት፣ ትእዛዝ አከበርኩ። አሁን ደግሞ ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ እኔው ልንገርሽ፤ ከሌላ ከሰማሽው አጣመው ነው የሚነግሩሽ።

ያንቺን የስዊድን ሴትዮ፣ የብሪታን መጽሐፍ፣ ወደኛ ቋንቋ የመለስሽውን፣ ለሴቶቹ ማንበብ የጀመርኩት በመስከረም ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል የላክሽልኝን ምዕራፍ አውጥቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሲሀም ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ትመጣለች፤ ያቺ ባልድዊን ሂልስ ላይ ሽማግሌ የምታስታምመው ልጅ፣ ታውቂያታለሽ። እትዬ ሣህሊቱ ደግሞ ከማዶ ምግብ ቤት ሽንኩርቷን በሳፋ ይዛ ትሻገርና እየላጠች ትሰማለች። ለሽንኩርቱ ይሁን ለብሪታ የምታለቅሰው አይለይም። ያችን የታሪኩን ክፉ አማት ጠምዳ ይዛት ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ እየረገመቻት ነው። አንድ ቀን ሚስትየዋ ላማትየዋ ሾርባ ስታቀርብ ባነብላት፣ ጭራሽ ታበላታለች እንዴ ብላ ቢላዋዋን ወርውራ ተነሳች።

አንቺ ደግሞ ለሰዉ እንዲቀለው ብለሽ ስሞቹን ሁሉ የኛ አድርገሻቸዋል። የብረት ማቅለጫው አለቃ ኢማድ፣ ሚስቱ ሁመይራ። እኔም መጀመሪያ ወድጄልሽ ነበር፣ ምላሴ አልተንተባተበም። የፊተኛውን ገጽ፣ የብሪታን ሕይወት የጻፍሽበትን፣ ለሴቶቹ በደንብ አንብቤላቸዋለሁ። ዳሩ ሲሀም ድምፄን በስልኳ መቅዳት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድታ የወሎ ሴቶች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ለማይመጡት። ሶ እዚያ የሚሰማው ሰው ሁሉ ስለ ስዊድን ያወቀው ነገር የለም። የፋጡ ልጅ መጽሐፍ ጽፋ እናቷ ታነባለች ነው ያለው። በኋላ የስዊድን መጽሐፍ ነው ብዬ ባስረዳ፣ ሁመይራ የምትባል ስዊድን የት አለች ብለው ሳቁብኝ።

እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ድረስ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። ሰባተኛውን ሳላየው ነው ያነበብኩት። መቼም ነጋዴ ነኝ፣ ቀድሜ የማነብበት ጊዜ የለኝም። ባልየው፣ ሚስቱ ሳታስፈቅደው ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ስለሄደች የጨው መጋዘን ውስጥ ቆልፎባት ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ እያነበብኩ ነው፣ እትዬ ሣህሊቱም እየተራገመች ነው። ቀጥዬ፣ «ሁመይራም ከራሷ ላይ አረንጓዴ ሻሿን ፈታች፤ እሱ ከውጭ እንደቆለፈ እሷም ከውስጥ የበሩን እጀታ ከመደርደሪያው ብረት ጋር አሰረችው» የሚለው ላይ ደረስኩ።

እዚያ ላይ ድምፄ ተዋጠ። ላነብ አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣ ነገር የለም። ሣህሊቱ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። ሲሀም ደግሞ መቅጃውን ማጥፋት ረሳች። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ሲሀምም እንደ ወትሮዋ ለጠፈችው፣ ከነዝምታዬ። አትቆጪያት፣ ልጅቷ ተንኮል የለባትም፤ አሁን ዓይኔን ማየት አፍራ ከበር ላይ ነው ሰላም ብላኝ የምትሄደው።

እና ልጄ፣ ሰዉ ታሪኩ የኔ መሆኑን ያወቀው ካንቺ ጽሑፍ አይደለም፣ ከኔ ዝም ማለት ነው። ወዲያው አንዷ ላንዷ ደወለች። ክሬንሾው ሰፈር እያለን ጎረቤታችን የነበረችው ኢሕሳን፣ ፋጡ ያኔ ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ለምን አንድ ቀን ጠፋች ብዬ ነበር አለች ተባለ። መስጊድ በር ላይ ወንዶቹ አባትሽ ሲመጣ ወሬ ማቋረጥ ጀመሩ። አንድ ማታ መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከፈተው። የኔ ድምፅ ነው። ሻሹ ጋ ሲደርስ ጸጥ አለ። እሱም ቆሞ ጸጥታውን እስከ መጨረሻው ሰማው። እኔ ስለ መጽሐፉ ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፣ እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«ለምን ዝም አልሽ?» አለኝ።

እኔ ሳህኑን አነሳሁ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ጨው አቀብዪኝ እንኳን አይባልም፤ ራሱ ተነስቶ ያነሳል። ሽማግሎቹን የጠራው እሱ ነው። ፈራሁ፣ ሰልሲ። በዚህ ዕድሜዬ እፈራለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዓርብ ከሱቅ ሳልወጣ የፊተኛውን ገጽሽን፣ የብሪታን ሕይወት፣ እንደገና አውጥቼ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እንዲሁ ተረት መስሎኝ ነበር። የቄስ ልጅ ናት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለአባቷ እኩያ ዳሯት፣ ልጅ በጀርባ መጽሐፍ በልብ ይዛ ኖረች። ስሟን ሳታወጣ ስቶክሆልም ላይ አሳተመችው። የባሏ ዘመዶች ደረሱበት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሎች ጠርተው ታሪኩ ውስጥ ያለው ባልየው ያንቺ ባል አይደለም ብለሽ በመጽሐፍ ቅዱስ ማዪ አሏት። ብሪታ ግን እሺም እምቢም ሳትል ዝም አለች። ዝም ስላለች እንዳመነች ተቆጠረባት፤ የተገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ሰብስበው በር ላይ አቃጠሉት፣ ልጆቿንም ለአማቷ ሰጡ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ምን ትሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም ብለሽ ጽፈሻል። አዬ ልጄ፣ ምን ይታወቃል ትያለሽ? ታጥብ ነበራ፣ ታበስል ነበራ።

ያን ካነበብኩ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ቅዳሜ መጡ። ጋሼ ሁዘይፋና ጋሼ ዳኜ። አንዱ ከመስጊድ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን፤ እንደ አገራችን ደንብ ለማንም እንዳያደላ ተብሎ። በጓሮው ክፍል በሽሮ ጆንያው መሀል ወንበር አወጣሁላቸው፣ ሻይ ቀዳሁ። አባትሽ ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ተቀመጠ፣ አላየኝም። ጋሼ ሁዘይፋ ብዙ ዞረው ዞረው፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሰው አገር ኑሮ፣ ስለ ስማችን አወሩ። እኔ እየሰማሁ ያችን በጨርቅ የጠቀለሏትን ቁርአን ነው የማየው። በመጨረሻ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«ፋጡ፣ ነገሩ የስዊድኗ ሴትዮ ታሪክ ከሆነ ቁርአን ያዢና ማዪልን። እኛም ለሰዉ ምላለች እንላለን፣ ነገሩም እዚህ ይቆማል» አሉኝ።

ውዱእ አድርጌ፣ ታጥቤ ነው የመጣሁት፣ ይህን እንደሚሉኝ አውቄያለሁ። ወላሂ ልጄ፣ ልምል ነበር። ስላንቺ ብዬ ልምል ነበር። የጨው መጋዘኑ የብሪታ ነው፣ ልብስ ማጠቡም የብሪታ ሊሆን ይችላል፣ እዚያም ሴት ይቆለፍባታል፤ እያልኩ ለራሴ መንገድ እፈልጋለሁ። ግን አረንጓዴው ሻሽ የኔ ነው። እጄን ዘረጋሁ፣ ቁርአኗ ላይ ሳላሳርፈው ያቺ ያንቺ ሴትዮ ትዝ አለችኝ። ዝም ብትልም አልቀረላት። እና ዝም አልልም አልኩ።

«እምላለሁ» አልኩ። «መጀመሪያ ግን አብዱልባሲጥ ይማል።»

ጋሼ ዳኜ ምን ብሎ ነው የሚምለው አሉኝ።

«እንደዚህ ያለ በር አላውቅም ብሎ።»

ያን ጊዜ ነው አባትሽ ቀና ብሎ ያየኝ። ውዱእ የለኝም አለ። ውሃው አጠገብህ ነው አልኩት፣ ድምፄን ሳላነሳ። ተነሳና ቧንቧውን ከፈተ፣ ጀርባውን ሰጥቶናል። ውሃው ይወርዳል፣ ይወርዳል። ጋሼ ዳኜ ስኳሩ የሟሟለትን ሻይ ያማስላሉ። ጋሼ ሁዘይፋ መሬት መሬት ያያሉ። ቧንቧው ተዘጋና ዞረ፤ የሸሚዙ እጅጌ እንደተቆለፈ ነው፣ እጁም ደረቅ ነው።

«የመኪና ማቆሚያው ሚተር ሊያልቅብኝ ነው፣ መኪናዋን ላንሳት» ብሎ ቁልፉን ይዞ ወጣ።

  በኋላ ጋሼ ዳኜ ሻያቸውን አስቀምጠው፣ እንግዲህ የሰማነውን ሰማን አሉ። ጋሼ ሁዘይፋ ቁርአኗን መልሰው ጠቀለሏት። እኔ ሞኝ፣ አሁን ገብቷቸዋል፣ አሁን እውነቱን ለሱ ይነግሩታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ቁጭ ብያለሁ። እሳቸው ግን፣ «ፋጡ፣ አንቺ ዋሽተሽ አታውቂም፤ ቢሆንም ምዕራፉ ይውጣ። ገመና ነው፣ ለልጅሽ ጻፊላት» አሉኝ። አወቁ፣ አውቀውም ይውጣ አሉ። እንደዚህ ያቃጠለኝ ነገር የለም፤ አባትሽ ያኔ በሩን የቆለፈብኝ ቀን እንኳ እንዲህ አላቃጠለኝም።

ያንቺም ነገር አናዶኛል፣ አልደብቅሽም። ሳትጠይቂኝ! በስልክ በየቀኑ ምን በላሽ ትይኛለሽ፣ እማ ያችን ቀን ልጽፋት ነው አትይም። በሞተች ሴትዮ መጽሐፍ ውስጥ ሸጉጠሽ እናትሽን በአደባባይ ታስነብቢያለሽ። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። ከዚያ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ እያለሽ ያየሽውን ይህን ሁሉ ዘመን ይዘሽው መኖርሽን ሳስብ ንዴቱ ወደ ሌላ ተለወጠብኝ። እኔ እኮ ልጅ ናት፣ ረስታዋለች ብዬ ነበር። አንድ ቀን አንስተሽው አታውቂም፣ እኔም አንስቼው አላውቅም። እርስ በርሳችን ስንጠባበቅ ኖረናል ማለት ነው።

እና ያነበብኩትን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሽማግሎቹ ምዕራፉን አውጪ በያት ስላሉኝ፣ እሺ፣ የምትወጣ ነገር አለች። ምዕራፉ አይደለም ግን።

አንቺ መጨረሻው ላይ ባልየው ይመለሳል፣ ቁልፉን ይከፍታል፣ በሩ እምቢ ሲለው ተንበርክኮ ያለቅሳል፣ ማሪኝ ይላል፣ ሚስትየዋም ሻሹን ትፈታለታለች ብለሽ ጻፍሽ። ልጄ፣ አባትሽን አሳምረሽዋል። እንደሱ አልነበረም። ሲመሽ መጣ፣ መሸጎሪያውን ከፈተ፣ በሩን ሳበው፣ አልከፈት አለው። አንድ ጊዜ ፋጡ ብሎ ጠራኝ። ከዚያ ሄዶ ቴሌቪዥን ከፈተ። ኳስ ነበር የሚያየው፣ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። እኔ እዚያች የዕቃ ክፍል ውስጥ ከሻንጣና ከመጥረጊያ ጋር ቁጭ ብዬ፣ ሳይለምነኝ አልፈታም ብዬ ምያለሁ። ሌሊቱንም ለማደር ቆርጫለሁ።

የፈታሁት ለሱ አይደለም። አንቺ መጣሽና ከበሩ ሥር ጣቶችሽን አሾልከሽ አስገባሽ። እማ ራበኝ አላልሽም፣ ውጪ አላልሽም። ጣቶችሽን ብቻ ነው ያየሁት፣ ጥፍርሽ ላይ የትምህርት ቤት ቀለም ነበረበት። ሻሹን ፈታሁት። እንቁላል ጠበስኩልሽ። ጠዋት እሱ ወደ ታክሲው ሲሄድ እኔ ወደ ልብስ አጠባው ሄድኩ፣ እሱም ከዚያ ወዲያ ሂጂ አትሂጂ ብሎኝ አያውቅም። ይህን አንቺ አታውቂውም፣ ከበሩ ወዲያ ነበርሽ። ልቅሶውን ከየት እንዳመጣሽው ግን ይገባኛል፤ አባቷ እንደዚያ ቢያደርግላት የምትፈልግ ልጅ ነች ያመጣችው።

ስለዚህ ምዕራፉን አታውጪ። ይታተም። ልቅሶውን ብቻ አውጪና ጣቶችሽን አስገቢ። ብሪታም የምትቀየም አይመስለኝም፤ የሷን ልጆች ጣት ያየላት የለም።

ምን ይመጣ ይሆን ብለሽ አትስጊ። ሱቁ በስሜ ነው፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። ሲሀም ከበር ላይ ሆና እትዬ ፋጡ እኔ ጋ ክፍል አለ ብላኛለች፣ ሻንጣ ግን አላዘጋጀሁም። አባትሽ አርጅቷል፣ ሰልሲ። በርበሬውን ሲሸከም ሁለት ጊዜ ያርፋል። የምፈራው እጁን አይደለም አሁን። የምፈራው ይህን ሁሉ ሰምቶም ዛሬም ቴሌቪዥን እንዳይከፍት ነው።

የአባትሽ ቫን መጣች። እያየሁት ነው፣ ማዶ ፓርክ ሊያደርግ ወደ ኋላ ይላል፣ ከማዶ ምግብ ቤት የወጡት ጋሼ ዳኜ እጃቸውን እያወናጨፉ ይመሩታል። ልጨርስ።

አላህ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፣ በጨለማው አገር ብርሃኑን አያሳጣሽ። እጅሽ ከጻፈው ነገር አያሳፍርሽ። ሰው አገር ሆነሽ የሚያሞቅሽ ሰው አያጉድልብሽ፣ ካልሲሽንም አድርጊ።

ደብዳቤውን አላጥፈውም፣ ፖስታውንም አላሽገውም። አድራሻሽን ጽፌበት፣ ገጾቹን ዘርግቼ ሚዛኑ ላይ እተወዋለሁ፤ ሳያየው ሊያነሳው አይችልም። እኔ እትዬ ሣህሊቱ ጋ ተሻግሬ ሽንኩርት እልጣለሁ። ቀዶ ቢጥለው ነገ ደውዬ ይህንኑ ሁሉ በአፌ እነግርሻለሁ፣ ልቅሶው ይወጣል። እያነበብሽው ከሆነ ግን ሁሉን ነገር በሚያሽግበት በዚያ በቡኒው የካርቶን ፕላስተር አሽጎ፣ በእጁ ወስዶ ልኮልሻል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ጣቶችሽን አስገቢ፣ ልቅሶውን ግን ተይለት።

እናትሽ ፋጡ